የድሮ የብረት ገንዳ በወልድያና በመርሳ ቤት፦ ከመግዛት እስከ መታጠብ

ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን የድሮ የብረት መታጠቢያ ገንዳ ባኞ ቤት ማስገባት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሸክሙ ነው። ሸክሙ ስድስት ጎበዝ ከተገኘ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ገንዘብና ቤት የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው፤ ወለሉ ሳይጠና፣ ፍሳሹ ሳይዘረጋ፣ ውኃው ሳይታሰብ ገንዳው ቀድሞ ግቢ ይደርስና ለወራት ዝናብ ሲያቁር ይከርማል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ገንዳው ወደ ቤት የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ነው። ቤትዎን በወልድያ፣ ወይም በመርሳም ሆነ በሌላ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌ እያደሱ ከሆነ ደረጃዎቹን ሳይዘሉ ይከተሉ።

1. መጀመሪያ ውኃዎን ይቁጠሩ

አንድ የድሮ ገንዳ ለአንድ ሰው መታጠቢያ ሲሞላ ከ150 እስከ 200 ሊትር ይፈልጋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከስምንት እስከ አሥር ጀሪካን መሆኑ ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለአምስት ወይም ለስድስት ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ ያውም ወጥ ቤቱና ልብስ አጠባው ምንም ካልነካው ነው። በሰፈርዎ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በአንዱ ፈረቃና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቀን እንዳለ፣ ቤተሰቡ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጨርስ ይጻፉ። የሚተርፈው ውኃ በሳምንት አንድ ገንዳ እንኳ የማይሞላ ከሆነ፣ ወይ ሁለተኛ ሮቶ ይጨምሩ፣ ወይ በገንዳው ላይ የእጅ ሻወር አስገጥመው እንደ ሻወር ይጠቀሙበት።

ሙቅ ውኃውንም እንዲሁ ያስሉ። 50 ሊትር ቦይለር ውኃውን እስከ 65 ዲግሪ ካሞቀ፣ 20 ዲግሪ ካለው ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲደባለቅ 40 ዲግሪ የሆነ 110 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ለገንዳ ያንሳል። 80 ሊትር ቦይለር በተመሳሳይ ስሌት ወደ 180 ሊትር ያደርሳል፤ ይበቃል። ብረቱ ራሱም ሙቀት ይጠጣል፤ 130 ኪሎ የሚመዝን ቀዝቃዛ ገንዳ ከተሞላው ውኃ ሁለት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጠዋትና ማታ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለወልድያ ቤት ትልቁን ቦይለር ይምረጡ። ዝቅ ብላ በምትገኘው መርሳ ግን ጣራ ላይ ያለ ጥቁር ሮቶ ከቀትር በኋላ ለብ ያለ ውኃ ስለሚሰጥ የቦይለሩን ሥራ ያቀልለታል።

2. ገንዳውን ሲመርጡ

ብረቱን በኢናሜል የመለበጥ ሥራ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ማይክል ኮህለር በ1883 እ.ኤ.አ. ለከብት ማጠጫ የሚሸጠውን የብረት ገንዳ ኢናሜል ለብጦ፣ አራት እግር ገጥሞ ለገላ መታጠቢያ እንደሸጠው ይነገራል። በኋላ በስሙ የሚጠራውን የመኪና ፋብሪካ የመሠረተው ዴቪድ ቢዩክም ቀደም ሲል በዚሁ የኢናሜል ሥራ ይታወቅ ነበር። በአገራችን እንዲህ ያለ ገንዳ ሲገኝ ከአሮጌ ቪላ ወይም ከአሮጌ ሆቴል የወጣ ነው። አዲስ አበባ ከሆኑ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይጠይቁ፤ ቤት ሲፈርስ ዕቃውን የሚገዙ ቆራሌዎችንም አስቀድመው ያናግሩ። በክብደት ለብረት ማቅለጫ ከመሸጡ በፊት መድረስ አለብዎት።

ከመክፈልዎ በፊት አምስት ነገር ይፈትሹ።

- ዓይነቱ፦ ማግኔት ያስጠጉ። ካልያዘ ፕላስቲክ ነው። ከያዘ ደግሞ አንዱን ጫፍ ለማንሳት ይሞክሩ። ከስስ ላሜራ የተሠራው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሳዋል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት ግን ከ110 እስከ 180 ኪሎ ይደርሳል።
- ስንጥቅ፦ ገንዳውን ሁለት ጣውላ ላይ አሳርፈው በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ይሆናል። የተሰነጠቀ አይግዙ።
- ኢናሜሉ፦ ጥቂት ቦታ ቢላጥ ይታገሡታል። በፍሳሽ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ዝገት ብረቱን በልቶ ቀዳዳውን ካሰፋው ግን ጎሚኒ አይይዝም፤ ሁልጊዜ ያንጠባጥባል።
- እግሮቹ፦ አራቱም መኖራቸውን፣ በየቦታቸውም መግባታቸውን ይዩ። እግር ቢጎድል ገንዳው ላይ እንዲበየድ አይፍቀዱ፤ እንዲህ ያለ ብረት በብየዳ ሙቀት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ገንዳውን ሳይነካ ከሥር የሚሸከም መቆሚያ ከአንግል ብረት ማሠራት ወይም በብሎኬት መደገፍ ይሻላል።
- ልኩ፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ የፍሳሽ ቀዳዳውና የትርፍ ውኃ መውጫው ስፋት፣ እንዲሁም ቀዳዳው ከጫፍና ከመሬት ያለው ርቀት። እነዚህን በወረቀት ላይ ስለው ይያዙ። ቧንቧ ሠራተኛው የሚሠራው በዚህ ሥዕል ነው።

የድሮ ኢናሜል እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በግራይንደር አይፋቁት፤ ብናኙ ለሳንባም ለሕፃናትም መርዝ ነው። ኢናሜሉ በሰፊው የተበላ ገንዳ ለሕፃን መታጠቢያ አይሁን።

3. ወለሉ ይሸከማል ወይ?

ስሌቱ እንዲህ ነው። ገንዳው 130 ኪሎ፣ ውኃው 170 ኪሎ፣ ታጣቢው 75 ኪሎ፤ ድምሩ 375 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 1.70 ሜትር በ75 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ስለሆነ በካሬ ሜትር ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በአገራችን የሕንፃ ኮድ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን የአጠቃቀም ጭነት ነው። ገንዳው ካረፈበት ውጭ ያለው የክፍሉ ቦታ ባዶ ስለሚሆን ወለሉ የግድ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ግን አይደለም።

*ቤቱ ፎቅ ከሆነ።* ገንዳውን ከክፍሉ መሀል አርቀው ግድግዳ ወይም ቢም አጠገብ ያስቀምጡ። ወለሉ በሆሎው ብሎክ የተሠራ ከሆነ አራቱም እግሮች በአንድ ሪብ ላይ እንዳያርፉ ገንዳውን ሪቦቹን አቋርጦ እንዲተኛ ያድርጉ። ውሳኔውን ግን ሥዕሉን አይቶ የሚሰጠው መሐንዲስ ነው። ግንበኛው «አብሽሩ፣ ይችላል» ስላለ ብቻ አይለፉ።

*ቤቱ ምድር ቤት ከሆነ።* አፈሩን ይመልከቱ። ረባዳ ቦታ ላይ ያለ ቤት ዋልካ አፈር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የረጋ ነገር አያሳርፍም። ዋልካውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆርጠው ያውጡና በሰሌክት ማቴሪያል በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ከዚያ 25 ሳንቲ ሜትር ሃርድኮር፣ በላዩ ባለ 8 ፌሮ የተዘረጋበት 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፍሰስ። ኮንክሪቱ ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ። ከባድ ጭነት ከመሸከሙ በፊት 28 ቀን ቢሞላው ደግሞ ይመረጣል። ቁፋሮውን በክረምት አይጀምሩ፤ ከመኸር በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ይመቻል።

*ቤቱ የጭቃ ከሆነ።* ገንዳውን በጭቃ ወለል ላይ አያሳርፉ፤ ከላይ የተባለው ኮንክሪት ግድ ነው። ግድግዳው ላይም አያስጠጉት። የሚረጨው ውኃ ልስኑን ያሟሟል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። በገንዳው ዙሪያ 1.80 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከጭቃው ለይተው ይገንቡና ሴራሚኩ እሱ ላይ ይለጠፍ።

4. ፍሳሹን ይዘርጉ

በ3ኛው ደረጃ የተባለው ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በሥዕሉ ላይ ባለው ልክ የፍሳሽ ቀዳዳውን ቦታ መሬት ላይ ምልክት ያድርጉ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ይጠቀሙ፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ተዳፋቱ ካነሰ ሳሙናና ፀጉር ይረጋበታል። ገንዳው ሥር ሲፎን ይግባ፤ በውስጡ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ መቅረት አለበት፣ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው እሱ ነውና። የድሮ ገንዳ ከወለሉ ብዙ ስለማይርቅ ሲፎኑ ቦታ ሊያጥረው ይችላል። ያኔ ወይ ሲፎኑን ወለሉ ውስጥ በጠባብ ማንሆል ይቅበሩ፣ ወይ ገንዳው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የኮንክሪት መደብ ላይ ይውጣ።

የገንዳውን ውኃ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር አያገናኙት። በአንድ ጊዜ 170 ሊትር የሚለቀቅበት ሴፕቲክ ታንክ ቶሎ ይሞላል፤ ለማስመጠጥም ወጪ ነው። በመርሳ እንዳሉት ብዙ ግቢዎች ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ካለዎት ውኃውን ወደ ዛፎቹ ይምሩት። በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ ከግንዱ ራቅ ያለ ክብ ቦይ ቆፍረው ጭድ ወይም ቅጠል ይሙሉበት። ውኃው በሁለት በሦስት ዛፍ ይከፋፈል እንጂ አንዱን አያጥለቅልቅ። በመስመሩ ላይ ሁለት ቫልቭ ይግጠሙ፤ ተራ ሳሙና ብቻ ያለበት ቀን ወደ ዛፍ፣ በረኪና የተጨመረበት ቀን ለብቻው ወደተቆፈረ የማስረጊያ ጉድጓድ። ጎመንና ሰላጣ በዚህ ውኃ አያጠጡ።

5. የውኃና የመብራት መስመር

ሮቶው ከገንዳው ቧንቧ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ ደካማ ነው። በግማሽ ኢንች ቧንቧ ገንዳ እስኪሞላ ውኃው ይቀዘቅዛል። ከሮቶው እስከ ባኞ ቤቱ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ፒፒአር ያስዘርጉ፤ መታጠፊያውን ያሳንሱ። ወደ ገንዳው የሚገቡት የሙቁም የቀዝቃዛውም መስመሮች የየራሳቸው ጌት ቫልቭ ይኑራቸው፤ ሲበላሽ የቤቱን ውኃ ሁሉ መዝጋት አይኖርብዎትም። መስመሩ በሴራሚክ ከመሸፈኑ በፊት ውኃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት።

የቦይለሩ መስመር ለብቻው ይምጣ፤ የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ይግጠሙለት። ማብሪያ ማጥፊያው ከባኞ ቤቱ ውጭ ይሁን። ከገንዳው ጠርዝ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሶኬት አይኑር። የብረት ገንዳ ውኃ ውስጥ ያለን ሰው ከመሬት ጋር ሊያገናኝ ስለሚችል የዚህ ክፍል መብራት የልምድ ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

6. መጫንና ማጓጓዝ

ከአዲስ አበባ ወልድያ 521 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር። መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ ስለምትገኝ ከደሴ በኩል ለሚመጣ ጭነት ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መጀመሪያ የምትገኘው እሷ ናት። በዚህ መንገድ ጠመዝማዛም ቁልቁለትም አለ። ይህ ብረት ደግሞ አይጎብጥም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እግሮቹን ፈትተው ለብቻቸው በኬሻ ይጠቅልሉ። ገንዳውን በአይሱዙው ወለል ላይ ጭድ በተሞሉ ኬሻዎች ላይ በአፉ ይድፉት። በሁለት ቦታ በገመድ ይሰሩት፤ ገመዱ በሚነካበት ሁሉ ጨርቅ ይግባ። ሲሚንቶም ሆነ ፌሮ በላዩ አይጫን። ለሹፌሩም የሚሰበር ዕቃ መሆኑን ይንገሩት።

7. ወደ ቤት ማስገባት

አብዛኛው የባኞ ቤት በር 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ገንዳው 75 ሊሆን ይችላል። እግሩ ተፈትቶ በጎኑ ሲቆም ግን ቁመቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ይገባል። ኮሪደር ላይ መዞር ካለበት በገንዳው ርዝመትና ቁመት ልክ ካርቶን ቆርጠው ያንን አስቀድመው አዙረው ይሞክሩ። ካርቶኑ ካልዞረ ገንዳው አይዞርም። ያኔ የሚሻለው ሴራሚክ ሳይለጠፍ በመስኮቱ ቦታ በኩል ማስገባት ነው።

የሚያስፈልግዎት፦

- ስድስት ሰው፣ ሁሉም ጫማ ያደረገ
- ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ሰፊ ገመድ ወይም የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ
- አራት የውኃ ብረት ቧንቧ ቁራጭ ለማንከባለያ
- ረጅም ጣውላ፣ ሞራሌ ቁርጥራጭ፣ የመኪና ክሪክ
- አሮጌ ብርድ ልብስ

ከመንገድ እስከ በር ገንዳውን በሁለቱ አጣና ላይ አስረው እንደ ቃሬዛ ይሸከሙት። 130 ኪሎ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 22 ኪሎ ያህል ነው። የሚያዝዝ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ማንሳትም ማውረድም በእሱ ድምፅ ነው። አምስት ሰው በየፊናው «ወደዚህ! ወደዚያ!» ካለ ጣት ይቀጠቀጣል። ከበር ወዲያ መሬቱ ላይ ጣውላ አንጥፈው በቧንቧ ቁርጥራጮቹ ላይ ያንከባልሉት። ደረጃ ካለ ደረጃው ላይ ጣውላ ደርድረው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ገንዳ ከላይ ሆነው በገመድ ይጎትቱ። ገመዱ ምሰሶ ላይ አንድ ዙር ይዙር፤ ቢያመልጥ ይይዘዋልና። ከገንዳው በታች በቀጥታ የሚቆም ሰው አይኑር።

8. ማቆምና ማገናኘት

የወለሉ ሴራሚክ አልቆ፣ ግራውቱ ከደረቀ በኋላ የሚከተለውን በተራ ያድርጉ።

1. የፍሳሽ ጉሮሮውንና የትርፍ ውኃ መውጫውን ገንዳው በጎኑ ተኝቶ እያለ ይግጠሙ። ከቆመ በኋላ እጅ አይገባም። አዲስ ጎሚኒ ይጠቀሙ፤ አሮጌውን አይመልሱ። ዳዶውን በእጅ አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ ሲበዛ ኢናሜሉ ይፈነጠቃል።
2. እግሮቹን ገጥመው ብሎኖቹን እኩል ያጥብቁ።
3. በእያንዳንዱ እግር ሥር 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም እብነ በረድ ያስቀምጡ። አራት ትንንሽ እግር 375 ኪሎ ሲሸከም ከሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ይሰብራል። እግሮቹ የሚያርፉባቸው ሴራሚኮች ከሥር ሙሉ በሙሉ ማጣበቂያ የጠጡ መሆናቸውን አንኳኩተው ያረጋግጡ።
4. ገንዳውን በክሪክ ቀስ ብለው አንስተው ያስተካክሉ። በክሪኩና በብረቱ መካከል ሞራሌ ይግባ።
5. ውኃ ልክ በጠርዙ ላይ በርዝመቱም በወርዱም ያስቀምጡ። ጠርዙ ልክ መሆን አለበት፤ ወደ ፍሳሹ የሚያዘነብለው ተዳፋት ገንዳው ሲሠራ ከውስጥ የተሰጠው ነውና እርስዎ አይጨምሩበት።
6. ከሲፎኑ ጋር ያገናኙ። ገንዳው በግንብ የሚሸፈን ከሆነ ሲፎኑ ባለበት በኩል 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሚከፈት መስኮት ይተዉ። መስኮት ያልተተወለት ግንብ አንድ ቀን በመዶሻ ይፈርሳል።

አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑንም አይርሱ። በ1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ላይ የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። ገንዳው በተደራረበ ጠጠርና በእንጨት ቁራጭ ሳይሆን በጸና መቀመጫ ላይ ይቁም፤ ቧንቧዎቹም የሚገናኙት በተጣጣፊ መስመር ይሁን።

9. ሳይሸፍኑ ይፈትሹ

ገንዳውን እስከ ትርፍ ውኃ መውጫው ድረስ ይሙሉ። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት ያንጥፉና አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ፣ የውኃው ከፍታም ካልቀነሰ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ የሚያንጠባጥብ ሲፎን የሚጋለጠው በኃይል ሲፈስ ነው። ውጭ ወጥተው ውኃው ዛፎቹ ጋ መድረሱንም ይዩ።

በገንዳውና በግድግዳው መካከል ሲሊኮን የሚደረገው ገንዳው በውኃ ተሞልቶ እያለ ነው። ባዶውን ካሸጉት በኋላ ሲሞላ ዝቅ ይልና ሲሊኮኑ ይቀደዳል። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አንድ ቀን ውኃውን አያፍስሱ።

10. ዕድሜውን ለማርዘም

ኢናሜል ጠላቱ አሸዋ፣ የብረት መፈግፈጊያና አሲድ ነው። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ቢፈስበት ውበቱን ይገፈዋል፤ ኮምጣጤና ሎሚም ብዙ ከቆዩበት ያደበዝዙታል። ለስላሳ ጨርቅና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ተጠቅመው ሲጨርሱ በጨርቅ ያድርቁት፤ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው ሳይደርቅ የቀረ ጠብታ ላይ ነው። የተላጠ ቦታ ሲያዩ ዝገቱን በእርጥቡ አጽድተው፣ አድርቀው፣ በኢፖክሲ የኢናሜል መጠገኛ ቀለም ቶሎ ይድፈኑት። ውጭውን የብረት ቀለም ይቀቡት።

ይህን ሁሉ አንብበው ውኃው አይበቃኝም ወይም ወለሉ ያሰጋኛል ካሉ ገንዳውን ይተዉት፤ ጥሩ ሻወር ያስገቡ። ውኃና ወለል ካለዎት ግን ከ4ኛው ደረጃ በፊት ገንዳውን ግቢ አያስገቡ። ቀድሞ ተገዝቶ ለሚጠባበቅ ገንዳ ሲባል የሚፈስ ኮንክሪት ሁልጊዜ በችኮላ የፈሰሰ ኮንክሪት ነው።